«ያለ ደላላ» ያለው ደላላ

ይሄን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ነጅማ ናት፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእትዬ ወለተሃና በር ፊት ለፊት የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ነጅማ። ነገሩ ሲሆን እዚያው እትዬ ወለተሃና ቤት ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እሷ ባጭሩ ነው የነገረችኝ። የቀረውን ከራሱ ከአምሃ አፍ ነው የለቀምኩት፤ ከሰው አፍ ወሬ ማውጣት ላይ ደግሞ እኔን የሚያህል በልደታ የለም። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ ግን ሰው አንድ ነገር ሲደብቀኝ ከትከሻው አውቅበታለሁ። ይሁን፣ ወደ አምሃ እንሂድ።

አምሃ የቤት ደላላ ነው። ስልሳን አልፏል፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ቢሮ የለውም። ቢሮው የመሐሙድ ሱቅ በራፍ ላይ ያለች የፕላስቲክ ወንበር ናት። ዛሬ ደላላ ሲባል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሌባ እንደተባለ ነው የሚቆጥረው። ወጣቶቹም ይሄን አይተው «የሽያጭ አማካሪ» ምናምን በሉን ይላሉ። አምሃ ግን ማን ነህ ሲባል «ደላላ ነኝ» ነው የሚለው፣ እንደ ማዕረግ። ልደታ ሳትፈርስ፣ ያ ሁሉ የጭቃ ቤት ሳለ፣ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው አከራይ ማታ በር እንደሚቆልፍ አምሃን ጠይቅ ነበር የሚባለው። እርግጥ ለዚህ ነገር እኔም አላንስም። እኔ ግድግዳ በጣቴ አንኳኩቼ ጭቃው ጭድ በቅጡ የገባበት መሆን አለመሆኑን እናገር ነበር፤ መሐንዲሶች ሳይቀሩ ቆመው ይሰሙኛል። አምሃ ይሄን አይችልም። እሱ የሚያውቀው ሰውን ነው።

ታዲያ ሰው ወደ ወንበሯ መምጣት ተወ። ቤት ፈላጊ ሁሉ ስልኩን እያሸ ነው የሚፈልገው። የሟች እህቱ ልጅ ኬብሮን ሜክሲኮ አንድ የኮምፒውተር ቢሮ ተቀጥራለችና አምና በትርፍ ጊዜዋ ዌብሳይት ሠራችለት። ቸኩላ ስለነበር ከላይ እንግሊዝኛ፣ ከታች መዋኛ ያለው ትልቅ ቪላ ለጠፈችበት። ፎቶው ከየትኛው አገር እንደመጣ እሷም አታውቅም። በዓመቱ ውስጥ የደወለ አንድ ሰው ነው፤ መዋኛው ልደታ የት ጋ እንደሆነ ሊጠይቅ።

አምሃ ለራሱ ቢሆን ብዙም ባልከፋው። ያስጨነቀው እትዬ ወለተሃና ናት። የድሮ ጎረቤቱ ናት፤ ሰፈሩ ሲነሳ በአንድ መኪና ነው ዕቃቸው የተጫነው። ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሳት ዕጣው አራተኛ ፎቅ ጣላት። ያኔ ጉልበቷ ደህና ነበር፣ ባሏም ነበር፣ ነፋሱን ትወደው ነበር። አሁን ባልም የለ፣ ጉልበትም የለ። ሊፍት የሚባል ነገር ደግሞ እዚያ ብሎክ ላይ ማንም አላሰበውም። ወርዳ ልደታ ማርያም ካስቀደሰች ዓመት ሊሞላት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከበረንዳዋ ታየዋለች፣ መውረጃው ነው የጠፋው። አንድ ሰውዬ ማዶ ብሎክ ላይ ምድር ቤት አንዲት ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ይሸጣል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ ብሏታል፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ነው። ያቺን ለመግዛት ደግሞ የራሷ ባለ ሁለት መኝታ መጀመሪያ መሸጥ አለበት።

«እትዬ፣ በኔ ጣይው» አላት አምሃ። ያቺን ቃል ካወጣ በኋላ እንቅልፍ አጣ።

ኬብሮን እሁድ ልትጠይቀው መጣች።

«አጎቴ፣ ሳይትህ እኮ ሰው አይገባበትም።»

«የቱ ሳይት? ልደታ ሳይት? ጠዋት ማታ ደረጃው ላይ ይጋፋል አይደል እንዴ።»

«ዌብሳይትህን ነው የምልህ።»

«እንደዚያ በይኛ። እኔ ሳይት ስትይኝ ኮንዶሚኒየሙ መስሎኝ።»

«መሻሻል አለበት። ያንን ቪላ አንስተን የእትዬ ወለተሃናን ቤት ራሱን እናስገባ። ሳሎኑን፣ በረንዳውን፣ ደረጃውንም።»

«ደረጃውን? አንቺ ልጅ፣ ጤናሽ ነው? አራተኛ ፎቅ ብለሽ ከጻፍሽ ማን ይደውላል?»

«ደረጃውን አይቶ ከግማሽ የሚመለስ ሰው ምን ይሠራልሃል? አስቀድሞ ይወቀው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም እጽፋለሁ፣ ሮቶ እንዳላትም እጽፋለሁ።»

አምሃ ደስ አላለውም። በሱ ሙያ ጉድለት የሚነገረው ገዢው ሳሎን ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ግን የያዘው መንገድ የትም አላደረሰውም፣ እሺ አላት።

ኬብሮን ፎቶ ልታነሳ ወጣች። እትዬ ወለተሃና ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፀጉሯን ሸፍና በሩ ላይ ትጠብቃለች።

«እማማ፣ የማነሳው እኮ ቤቱን ነው።»

«ባዶ ቤት ማን ይገዛል? ሰው ይኖርበት እንደነበር ይወቁ እንጂ። አንሺኝ።»

አነሳቻት። ያ ፎቶ ሳይቱ ላይ ገባ አልገባም አላውቅም፤ ነጅማ ግን ከሁሉ ያማረው እሱ ነበር ትላለች።

ወደ መሐሙድ ሱቅ ስትመለስ ኬብሮን አምሃን ጠየቀችው፣ «ከላይ በትልቁ ምን ልበል? ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው የሚወደውን ጻፊ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

እውነትም ታውቅ ነበር። ሰው ቤት ሲፈልግ ስልኩ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ገብታ አየች። ጻፈችው። አምሃ አላነበበውም፤ የስልክ ፊደል ለዓይኑ ይደቅበታል፣ መነጽር ደግሞ ያስረጀኛል ብሎ አይገዛም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ እኔ ማንበብ ስለማልችል ሁሉን አስነብባለሁ፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር አያገኘኝም። የሚያነብ ሰው ሳያነብ ሲቀር ነው ጉዱ።

ስልኩ መጮህ ጀመረ። እንደ ሠርግ ቤት ሆነ። ኬብሮንም ደውላ «በቀን እስከ ሰማንያ ሰው እየገባበት ነው» አለችው። አምሃ ወንበሯ ላይ ተዝናንቶ እግሩን አነባበረ። አንድ ነገር ብቻ ገረመው፤ የሚደውለው ሰው ሁሉ ሰላምታው ሳያልቅ «ባለቤቱ ነዎት?» ይላል። የዘመኑ ሰው ለሳይት ባለቤት ይሄን ያህል ክብር ይሰጣል ለካ ብሎ አሰበ፣ ደስም አለው።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴት ደወለች።

«ሃሎ፣ ናዝሬት እባላለሁ። የልደታውን ባለ ሁለት መኝታ አይቼ ነው። ባለቤቱ ራስዎ ነዎት ጋሼ?»

«አዎን፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ። በገንዘቤ ያሠራሁት ነው።»

«ራስዎ ነዎት ያሠሩት?»

«የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው። አምና ነው። ዘንድሮ ደግሞ እንደገና አሳደስኩት፣ አፍርሳ ነው የሠራችው ማለት ይቻላል።»

«ወይ ጎበዝ። ብዙ ሰው አይቶታል?»

«ምን ማለትሽ ነው፤ በቀን ሰማንያ ሰው ይገባበታል።»

«ሰማንያ ሰው?»

«ገና ይጨምራል ብላኛለች።»

ሴትየዋ ስልኩን ከአፏ አራቀች። ከጎኗ የወንድ ድምፅ ተሰማ፣ የሆነ ነገር ተንሾካሾኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ ለማንም ቃል እንዳይሰጡ፣ ነገ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን» አለች።

በማግስቱ መጡ። ናዝሬት ቀጠን ያለች፣ ደረጃ ላይ እንደ ፍየል የምትወጣ፤ ባሏ ባሮክ ባንክ የሚሠራ፣ እያንዳንዱን ነገር ሁለቴ የሚያይ ሰው። አምሃ ታች ተቀብሏቸው አብሮ መውጣት ጀመረ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠረው፣ እነሱ ቀድመውት ሄዱ። ስለዚህ በሩን ሲያንኳኩ አምሃ ገና ሦስተኛው ላይ ነበር። ነገሩ የተበላሸው እዚች ላይ ነው።

እትዬ ወለተሃና ከፈተች።

«ሰላም እማማ፣ ቤቱን ልናይ ነው። ባለቤትዎን በስልክ አነጋግረናቸው ነበር» አለች ናዝሬት።

«ባለቤቴን?» አለች እትዬ ወለተሃና። ግድግዳው ላይ ወዳለው የባሏ ፎቶ ዞራ አየች። «በስልክ?»

«አዎ፣ ትናንት። ቤቱን እንዳሳደሱት ሁሉ ነገሩን። አሁንም እየወጡ ነው።»

ነጅማ ሶፋው ላይ የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች፤ ከሳቅና ከድንጋጤ የቱ እንደቀደመኝ አላውቅም አለችኝ። ያኔ አምሃ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ በሩ ላይ ደረሰ።

«ይኸው መጡ ባለቤትዎ» አለች ናዝሬት።

እትዬ ወለተሃና አምሃን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ብልህ ሴት ናት፣ ገዢ መሆናቸውን አውቃለች፣ ሚያዝያም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። «ግቡ» ብቻ አለች። ሰዎቹ መኝታ ቤቱን ሲያዩ እጁን ይዛ ወደ ማድ ቤት ወሰደችው።

«አንተ፣ መቼ ነው ያገባኸኝ?»

«እኔ ምን ብዬ አገባሻለሁ እትዬ?»

«ባለቤቴ ነኝ አልካቸው አይደል እንዴ።»

«ባለቤት ነኝ ያልኩት የሳይቱን ነው!»

«እሱን ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ቤቴን አሳደስኩ ያልከውስ? ቁልፍ ከተረከብኩ ጀምሮ ግድግዳው ቀለም አላየም።»

አምሃ በረንዳ ወጥቶ ለኬብሮን ደወለ።

«አንቺ፣ ከላይ በትልቁ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«"ያለ ደላላ" ነዋ።»

«ምን?»

«"ልደታ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ያለ ደላላ።" ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው እሱን ነው አጎቴ። እሱን ባልጽፍ ማን ያገኝህ ነበር? የሚወዱትን ጻፊ አላልከኝም?»

ይሄን ሲሰማ ምን እንደተሰማው አምሃ ሲነግረኝ እንኳ ድምፁ ዝቅ ይላል። ዕድሜ ልኩን ደላላ ነኝ ብሎ ሲኮራ የኖረ ሰው፣ በገዛ ገንዘቡ ባሠራው ደጃፍ ላይ «ደላላ የለም» ተብሎ ተለጠፈበት። ሰውም የመጣው ለዚያ ነው። ስልኩን ዘጋ። ልንገራቸው አለ፣ ደግሞ ቆይ ቤቱን ይዩት አለ። ገባ፣ ምንም አልተናገረም።

ሰዎቹ ቤቱን ወደዱት። አብነት ሰፈር አንድ የብረት ብየዳ ቤት ጀርባ ምድር ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሕፃን አላቸው፣ ብረት ቆራጩ በጮኸ ቁጥር ይነቃል፣ መስኮት ከከፈቱ ጭሱ ይገባል። ናዝሬት በረንዳው ላይ ቆማ ዝም ብላ አዳመጠች።

«ባሮክ፣ ስማ እስቲ።»

«ምኑን?»

«ምንም የለም እኮ።»

ደረጃውን ፎቶው ላይ አይታ፣ አስባበት ነው የመጣችው። አራተኛ መሆኑን እንዲያውም ወደደችው። ኬብሮን ልክ ነበረች ማለት ነው፣ እኔም ያኔ ብጠየቅ ይሄንኑ ነበር የምለው።

ባሮክ ተቀመጠ። «ካርታው በማን ስም ነው እማማ?»

«በኔ ስም።»

«ጥሩ። እንግዲህ ውልና ማስረጃ ስንሄድ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የጋብቻ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ሰው አላመንኩም ማለቴ አይደለም፣ ግን ሚስት ትሸጥና ባል አልፈረምኩም ብሎ ክስ ሲያመጣ አይቻለሁ።»

ነጅማ ውሃ ላምጣ ብላ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። እትዬ ወለተሃና ወደ አምሃ ዞረች፣ ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል የለም። «ወረቀቱ አንተ ጋ ነው ያለው?» አለችው።

አምሃ እንዲህ ያለ ወረቀት አስመስለው በአንድ ቀን የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል። ደላላ ሆኖ እነሱን የማያውቅ የለም። ቢናገር ሰዎቹ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ስቱዲዮዋም ትሄዳለች፣ እትዬ ወለተሃናም እዚያው ላይ ትቀራለች፤ ሁሉንም አሰበው። ከዚያ ቆመ።

«እኔ ባሏ አይደለሁም» አለ። «ባሏ ያ ፎቶው ላይ ያለው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። እኔ ደላላ ነኝ።»

ናዝሬት ቦርሳዋን አነሳች። «ያለ ደላላ ብለው ጽፈው?»

«እኔ አልጻፍኩትም። ግን የኔ ነው።»

«በገንዘቤ ያሠራሁት ያሉኝስ?»

«ሳይቱን ነው።»

«ያደስኩት ያሉትስ?»

«እሱንም ሳይቱን።»

«ሰማንያ ሰው ይገባበታል ያሉትስ ጋሼ? ሌሊቱን ሙሉ ሊሸጥብን ነው ብዬ አልተኛሁም እኮ።»

«ሳይቱ ውስጥ ነው የሚገቡት።»

ባሮክ አፉን በእጁ ሸፈነ። ናዝሬት ግን አልሳቀችም። አምና አንድ ደላላ ቤት ላሳያችሁ ብሎ ገንዘብ ተቀብሏቸው፣ በተባለው ቀን በሩ ላይ ሲደርሱ ስልኩን ዘግቶባቸዋል። «እኛ ደላላ በቃን» አለች። «ተነስ ባሮክ።»

«ቆይ የኔ ልጅ» አለ አምሃ። «ያለ ደላላ ተብላችሁ መጣችሁ፣ ያለ ደላላ ተነጋገሩ። ካርታዋን እዩ፣ ከሷ ጋር ዋጋ ቁረጡ። እኔ ታች መሐሙድ ሱቅ ነኝ። ብትገዙ የገዢ ኮሚሽን የሚባል ከናንተ አልጠይቅም።» ብሎ ወጣ። መልስ እንኳ አልጠበቀም፤ ቢጠብቅ ተመልሶ እንደሚቀመጥ ያውቃል።

እንግዲህ ይሄን የሙያው ሰው ነው የሚረዳው። ላይ ዋጋ እየተቆረጠ ደላላ ታች መቀመጥ ማለት፣ ድስት እሳት ላይ ጥዶ ጎረቤት ሄዶ መዋል ነው። የዚያች ሴት አመል ደግሞ ይታወቃል፤ ከተናደደች አልሸጥም ትላለች፣ ካዘነች በነፃ ትሰጣለች። መሃል ገብቶ የሚያለዝብ ከሌለ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል።

መሐሙድ ስኳር እየመዘነ ቀና አለ። «ምነው ወረድክ?»

«ዋጋ እየተነጋገሩ ነው።»

«አንተስ?»

«ያለ እኔ ነው።»

መሐሙድ ማንኪያውን ሚዛኑ ላይ ተወው። «ታመሃል እንዴ? ውሃ ልስጥህ?»

አምሃ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ቢጠራው አይሰማም፣ ስልኩ ቢጮህ አያነሳም። ዓይኑ በረንዳው ላይ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ ልብስ ነው የተሰጣው፣ ሌላ የሚታይ የለም።

ላይ የሆነውን የነገረችኝ ነጅማ ናት። ሰዎቹ መጀመሪያ ቆመው ነበር። እትዬ ወለተሃና ካርታዋንና የባሏን የሞት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። ባሮክ አገላብጦ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ተቀመጠ። ከዚያ ናዝሬትም ተቀመጠች።

«እማማ፣ ትንሽ ይቀንሱልን። አራተኛ ፎቅ እኮ ነው» አለች።

«ደረጃውን እኔ አልሠራሁትም። ደግሞስ የደላላውን ሁለት ፐርሰንት ትቶላችሁ ሄዷል፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? የሱን ቀንሳችሁ የኔን ልትደግሙ ነው?»

ባሮክ አሰበ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፣ ሳቀ። ስሌቱ ትክክል ነው። አምሃ ቢኖር ለማግባባት ብሎ መቀነሱ አይቀርም ነበር፣ ይሄን ራሱም ያምናል። እሷ አንድ ብር አልቀነሰችም።

ሲወርዱ ናዝሬት ነች ቀድማ ወንበሯ ጋ የመጣችው። «ጋሼ፣ ተስማምተናል» አለችው። ቆይታም «ያንን ጽሑፍ ግን ያስተካክሉት፣ ሰው ይሞታል» አለች።

አምሃ ለኬብሮን ደወለ። «ያለ ደላላ» የሚለውን ታንሳው አለ።

«አጎቴ፣ ካነሳሁት ማን ያገኝሃል?»

«"ደላላ አምሃ፦ ገዢ ኮሚሽን አይከፍልም" በይ።»

«ከሁሉም ገዢ ልታስቀር ነው? ግማሽ ገቢህ እኮ ነው።»

«ጻፊው።»

አሁን ሳይቱ ላይ ያለው እሱ ነው። ከላይ በትልቁ ስሙ፣ ከስሙ ፊት ደላላ የሚለው ቃል፣ ከሱ ሥር ያች ነገር። እኔ አስነብቤ ነው የሰማሁት። ስልኩ እንደ ያኔው አይጮህም፣ ግን የሚደውለው ሰው ማን ጋ እንደደወለ ያውቃል።

ሚያዝያ ሳያልቅ ውልና ማስረጃ ተፈራረሙ። እትዬ ወለተሃና በነጅማ ትከሻ ተደግፋ፣ በየፎቁ እየተቀመጠች ወረደች፣ ተመልሳም አልወጣችም። ስቱዲዮዋን ገዛች፣ ዕቃዋን ሰዎች አወረዱላት፣ ለግንቦት ልደታ በእግሯ ሄዳ አስቀደሰች።

የሻጭ ኮሚሽን ሁለት ፐርሰንት ገና አልተከፈለም ነበር። አምሃ አላነሳባትም። እንዴት ያንሳ፤ ያን ሁሉ ዝብርቅርቅ ያመጣባት እሱ ነው፣ የድሮ ጎረቤት ናት፣ ዋጋውንም ራሷ ነች የጨረሰችው። አንድ ጠዋት አዲሱ ደጃፏ ላይ ሰላም ሊላት ቆመ። እትዬ ስልኳን አጠገቧ ላለችው ለነጅማ ሰጠቻት፣ ነጅማ ነካ ነካ አደረገችው፣ የአምሃ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጢጥ አለ። ከባንክ ነው። ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን አጥብቦ አነበበው፤ ሁለቱም ፐርሰንት ሙሉው ነው።

«እትዬ፣ ይሄማ አይሆንም። እኔ ምን ሠራሁና?»

«ባሌ ብትሆን ኖሮ አምስት ሳንቲም አታይም ነበር» አለችው። «ደላላዬ ነህ፣ ውሰድ።»

ወሰደ።